የቤተ ክርስቲያናችን ቴሌቪዥን በኦሞ ልሳን የሚናገረው መቼ ነው?





«ለደቡብ ኦሞ የራሱ መንፈሳዊ ቴሌቪዥን ይከፈትለት» የሚል አሳብ በወጣቶቻችን ዘንድ ይሰማል። አሳቡ ከቅንዓት የመጣ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። አቅራቢዎቹ ስለ ካሜራው ዓይነት፣ ስለ ስቱዲዮው ስፋት፣ ስለ ጣቢያው ስምና ዓርማ ሳይቀር አስበዋል። ሆኖም ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ሳይነሣ ይታለፋል፤ ጣቢያው የሚናገረው ለማን ነው? በማንስ ቋንቋ? መልሱ «በአማርኛ» ከሆነ፣ ልንደክምለት ያሰብነው ሥራ ቀድሞ ተሠርቷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቴሌቪዥን አለ፤ የማኅበረ ቅዱሳን ቴሌቪዥንም አለ። በጂንካ ዲሹን ወደ ኢትዮሳት አዙሮ ያስተካከለ ምእመን ቅዳሴውንም፣ ስብከቱንም፣ የበዓሉንም ዑደት ከቤቱ ሆኖ ይከታተላል። ለዚህ ሰው ሁለተኛ ምሰሶ ብንተክልለት የምንጨምርለት ነገር ጥቂት ነው።

ይህን ቴሌቪዥን እያዩ የማይሰሙት ግን አሉ። ከአሪ መንደር ወደ ጂንካ የቅዳሜ ገበያ እንሰት ተሸክመው የሚወርዱት እናት አሉ። የማሌው ገበሬ አለ፤ የሐመርና የበና እረኛ አለ፤ በኦሞራቴ ከወንዙ ዳር የሚኖረው ዳሰነች አለ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ለእነርሱ ነው። አዲስ ጣቢያ አያስፈልገንም። ያለን ጣቢያ በእነዚህ ሰዎች አፍ እንዲናገር ልንጠይቅ፣ ልንከፍል፣ በጉልበታችንም ልንሠራ ይገባናል እላለሁ።

አስቀድሜ «ንግድ ያልሆነ» ስለሚባለው ነገር ልናገር፤ ክርክሬ የቆመው በእርሱ ላይ ነውና። በሀገራችን የሃይማኖት ተቋም ጣቢያ እንዲኖረው በር የተከፈተው በቅርብ ነው። የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533/1999 የሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ እንዳይሰጠው ይከለክል ነበር፤ ስለዚህም መንፈሳውያን ጣቢያዎች ከውጭ ሀገር ሳተላይት ተከራይተው ይገቡ ነበር። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ያን በር ከፈተው። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ በር የምትገባው ግን እንደ ነጋዴ አይደለም። የንግድ ጣቢያ ተመልካች ይሰበስባል፤ የሰበሰበውንም ተመልካች ለሳሙና አምራቹና ለባንኩ ማስታወቂያ ያከራያል። ኑሮው ከዚያ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ሒሳቡን እዩት። የካሮ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2000 ሰው ያነሰ ነበር። ለካሮ በካሮኛ የሚነገር አንዲት ደቂቃ ለመግዛት የሚፈልግ ነጋዴ ከወዴት ይገኛል? እንዲህ ያለ የንግድ ጣቢያ እስከ ዕለተ ምጽአት ብንጠብቀው አይመጣም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ጌታችን የተናገረውን የመቶ በጎች ምሳሌ በልጅነታችሁ ተምራችኋል። በንግድ ሒሳብ ከታየ ዘጠና ዘጠኙን በምድረ በዳ ትቶ አንዱን ፍለጋ መውጣት ኪሳራ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጣቢያ ከሌላው የሚለየው ይህን ኪሳራ ለመቀበል የተፈጠረ በመሆኑ ነው። ከምእመናን አሥራትና መባ የሚኖረውም ለዚህ ነው፤ ነጋዴ ወደማይሄድበት እንዲሄድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ማስታወቂያ ሳይሸጡም ነጋዴ መሆን ይቻላል። ጣቢያ የተመልካች ቍጥር እየቈጠረ፣ ስመ ጥር ሰባኪንና ተወዳጅ ዘማሪን ብቻ እያፈራረቀ፣ በከተሜው ጆሮ ደስ የሚለውን ብቻ ካቀረበ፣ ሣንቲም ባይቀበልም ሚዛኑ የገበያ ሚዛን ነው። ከዚህም የባሰው በዩቲዩብ የምናየው ነው። በመስቀልና በቅዱሳን ሥዕል አጊጠው፣ 1000 ሰብስክራይበርና 4000 የዕይታ ሰዓት እስኪሞላላቸው የሚሯሯጡ፣ ከሞላላቸውም በኋላ በየዕለቱ «ሰበር» እያሉ የአባቶችን ገመና ለዶላር የሚዘረጉ ሰዎች «ኦርቶዶክሳዊ ሚዲያ» ተብለው ይጠራሉ። ወጣቶች ሆይ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹን የምትከታተሉ እናንተ ናችሁ። በዚያ ሁሉ የንግግር ጎርፍ ውስጥ በአርቦሬ ልሳን የተነገረ አንድ ቃል ፈልጉና ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ይህ ሁሉ የከተማ ሰው ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ የ2015 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት የሆነውን ያስታውስ። ጥር 14 ቀን በወሊሶ ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጪ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ ሲባል የቤተ ክርስቲያን አንድነት ተናወጠ። ከተሾሙት 17ቱ ለኦሮሚያ፣ 9ኙ ደግሞ ከኦሮሚያ ውጪ ላሉ አህጉረ ስብከት ነበሩ። በጾመ ነነዌ ምእመናን ጥቁር ለብሰው አለቀሱ። የካቲት 2 ቀን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገደቡ፤ እገዳውም አምስት ወር ገደማ ቆየ። በዚያ ወቅት የቅዱስ ሲኖዶስን መግለጫ ከምንጩ ለመስማት የሳተላይት ሥርጭት ምን ያህል እንደ ጠቀመ ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌቪዥን ለቤተ ክርስቲያን አያስፈልግም የሚሉ፣ ሣጥኑን ሁሉ የሰይጣን መስኮት የሚያደርጉ ወገኖች በዚያ ሰሞን መልሳቸውን አግኝተዋል።

ከዚያ ታሪክ የምንወስደው ሌላው ትምህርት ግን ይበልጥ ያማል። ሹመቱን የፈጸሙት ወገኖች ለድርጊታቸው ያቀረቡት ምክንያት ምን ነበር? «ሕዝቡ በቋንቋው አልተገለገለም» የሚል ነበር። ድርጊቱ ቀኖና የጣሰ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ጥያቄው ግን ከባዶ አልተፈጠረም፤ የካቲት 8 ቀን በተደረሰው ስምምነትም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማገልገል ከተነሡት ነጥቦች አንዱ ነበር። ሰው በቋንቋው ሳይጠራ ሲቀር፣ በቋንቋው የጠራውን ይከተላል። ጠሪው እረኛ ይሁን ሌላ ለመለየት እንኳ አስቀድሞ የእረኛውን ድምፅ ማወቅ አለበት። በደቡብ ኦሞ ይህ ድምፅ ተሰምቷል ወይ?

«አማርኛ ሁሉም ይሰማል» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ሐሙስ ዕለት ወደ ቀይ አፈር ገበያ፣ ሰኞ ወደ ቱርሚ ውጡና ተመልከቱ። በእርግጥ የበናው ወጣት በአማርኛ ፍየል ይሸጣል፤ የሐመሯ ሴት በአማርኛ የማሯን ዋጋ ትጠራለች። ነገር ግን በአማርኛ ዋጋ የሚከራከር ሰው ልጁ ሲሞትበት በአማርኛ አያለቅስም። የንስሐ ቃል፣ የተስፋ ቃል፣ የትንሣኤ ቃል ከገበያው አማርኛ በላይ ነው። «ተዋሕዶ» የሚለውን ቃል እንኳን ፍየል ሻጩ ቀርቶ አማርኛ አፉን የፈታበት የከተማ ልጅ በስንት ማብራሪያ ይረዳዋል! ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ሰሚው በማያስተውለው ልሳን ከሚነገር እልፍ ቃል ይልቅ በማስተዋል የሚነገሩ አምስት ቃላትን እንደሚመርጥ ተናግሯል። እኛ እልፉን እየላክን አምስቱን ነፍገናል።

ደግሞም ልናፍርበት የማይገባ፣ ልንሸሽገውም የማይገባ ታሪክ አለ። ጂንካ ሳትጠነክር የአካባቢው የአስተዳደር መቀመጫ ባኮ ነበረች። አማርኛ ከባኮ ወደ አሪ መንደሮች የወረደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከመጣው ጦርና ከገባር ሥርዓት ጋር ነው። ለአሪ አያቶች አማርኛ በመጀመሪያ የተሰማቸው የትእዛዝና የግብር ቋንቋ ሆኖ ነበር። ወንጌልም በዚያው አፍ ስትመጣ፣ ሰሚው ወንጌሉን ከግብሩ ለመለየት ምን ያህል ይቸገር እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ይህ ትዝታ በቤት ውስጥ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። በአማርኛ የሚነገር ስብከት፣ ምንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ይህን ትዝታ ሊሽረው አይችልም። ከአሪ የተወለደ ዲያቆን በአሪኛ ሲናገር ግን ይሽረዋል።

ሌሎች ይህን ቀድመው አውቀዋል። ጎስፕል ሪከርዲንግስ የተባለው የምዕራባውያን ድርጅት በ1939 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ጽሕፈት እንኳ በሌላቸው ቋንቋዎች ትምህርቱን በድምፅ ቀርጾ ማዳረስ። ከቀረጻቸው ልሳናት መካከል አሪኛ፣ ሐመርኛ፣ ሙርሲኛና ዳሰነችኛ ይገኙበታል። እነዚህን ሰዎች ልንሳደብ ይቀለናል። ከባሕር ማዶ መጥተው የጎረቤታችንን ቋንቋ የተማሩ ሰዎችን ከመሳደባችን በፊት ግን፣ ከጎረቤታችን ጋር አብረን ያደግን እኛ ለምን አልተማርነውም የሚለውን ብንመልስ ይሻላል።

የልሳን መብዛት ቤተ ክርስቲያንን ይከፋፍላል የሚል ፍርሃትም አለ። ይህን ፍርሃት የራሳችን ታሪክ ይቃወመዋል። በበዓለ ሃምሳ የሆነውን፣ ከልዩ ልዩ ሀገር የተሰበሰቡት እያንዳንዳቸው በተወለዱበት ቋንቋ መስማታቸውን፣ የቤተ ክርስቲያን ልደት ብለን እናከብራለን። ተስዓቱ ቅዱሳን ወደ ሀገራችን ሲመጡ ሕዝቡ ጽርእ ይማር አላሉም፤ እነርሱ ግእዝ ተምረው መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱ። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የአርመን ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ መስሮጵን የምታከብረው በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ለሕዝቧ ፊደል ቀርጾ መጻሕፍትን ስላስተረጎመ ነው። በግብጽም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት ፓትርያርክ ገብርኤል ሕዝቡ ቅብጥኛውን እየረሳ መሄዱን አይተው ጸሎተ ሃይማኖትንና አቡነ ዘበሰማያትን በዐረብኛ እንዲማር አዘዙ፤ ያቺው ቤተ ክርስቲያን በ2005 እ.ኤ.አ. አጋፒ የተባለውን ቴሌቪዥን ስትከፍት የተናገረችው ሕዝቧ በሚናገረው በዐረብኛ ነው። አማርኛም ቢሆን ዛሬ የያዘውን ስፍራ በአንድ ቀን አላገኘም። መጽሐፍ ቅዱስን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካይሮ ተቀምጠው ወደ አማርኛ የመለሱት አባ አብርሃም የሚባሉ አንድ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ ነበሩ። ትናንት ለአማርኛ የተደረገው ዛሬ ለአሪኛ ሲጠየቅ «መከፋፈል» የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ሥራው ቀላል ነው ብዬ ላታልላችሁ አልሻምና። በደቡብ ኦሞ ምድር 16 ብሔረሰቦች ይኖራሉ፤ አሪም ዛሬ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል። ቋንቋዎቹ የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም። አሪኛ፣ ማሌኛ፣ ሐመርኛ፣ ካሮኛና ዲሜኛ ከኦሞአዊው ወገን ናቸው፤ ዳሰነችኛ፣ አርቦሬኛና ፀማይኛ ከኩሻዊው፤ የሙርሲ፣ የቦዲና የኛንጋቶም ልሳኖች ደግሞ ከናይሎ ሰሃራዊው ወገን ይቈጠራሉ። ሴማዊው አማርኛ ለአንዳቸውም የቅርብ ዘመድ አይደለም። ስለዚህ አንድ ትርጉም ሠርቶ ለሁሉ ማዳረስ የለም።

ከዚያ በኋላ የቃል ጉዳይ ይመጣል። ከሁሉ የሚቀድመውን ቃል እንውሰድ፤ እግዚአብሔርን ምን ብለን ልንጠራ ነው? በሐመር ዘንድ «ባርጆ» የሚባል ቃል አለ። ሽማግሌዎች ዝናብ እንዲጥል፣ ከብት እንዲረባ፣ ልጅ ጤነኛ እንዲሆን ሲመርቁ ባርጆን ይጠራሉ። ባርጆ ፈጣሪ ነው? ወይስ ከፈጣሪ የሚመጣ በረከትና መልካም ዕድል ነው? ቃሉ በሁለቱም በኩል ይነበባል፤ አንዱን ብቻ መርጦ ስብከት መጀመር አደጋ አለው። በሙርሲ ዘንድ «ቱምዊ» ሰማይም ነው፣ አምላክም ነው። ኛንጋቶም «አኩጅ» ይላሉ። ዳሰነች «ዋግ»፣ አርቦሬ «ዋቅ» ይላሉ፤ ይህኛው የኦሮሞው «ዋቃ» ዘመድ ስለ ሆነ በኦሮምኛ የተሠራው የቤተ ክርስቲያን ትርጉም መንገድ ጠርጎለታል። የሌሎቹ መንገድ ገና ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ንጉሥ ኢዛና ከክርስትናው በፊት ባስቀረጻቸው ጽሑፎች «ማሕረም» የሚለውን አምላክ ይጠራ ነበር፤ በኋላ በግእዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ግን «እግዚአ ሰማይ» የሚል ስም እናገኛለን። አባቶቻችን ማሕረምን ተዉ፤ «እግዚእ» የሚለውን የሀገሬውን ቃል ግን አልተዉም። ጌታ ለማለት ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ይዘው አጠመቁት። «እግዚአብሔር» የሚለውም ስም ቃል በቃል ሲፈታ የብሔር ጌታ ማለት ነው። ባርጆ ይጠመቃል ወይስ ይተዋል? ይህን በአዲስ አበባ ስቱዲዮ የተቀመጠ አዘጋጅ ሊወስነው አይችልም። የሐመር ሽማግሌና የመጻሕፍት ሊቅ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ቀን ተቀምጠው የሚፈቱት ነው። የቤተ ክርስቲያን ቴሌቪዥን ካሜራውን ይዞ መምጣት ያለበት ወደዚህ ጉባኤ ነበር።

ካሜራውን ካነሣሁ አይቀር፤ በኦሞ ሰው ላይ ካሜራ እንዴት እንደሚያነጣጠር ታውቃላችሁ። ቱሪስቱ የሙርሲዋን ከንፈርና የሐመሩን የከብት ዝላይ በገንዘብ ያነሣል። የእኛ ካሜራ ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀርጸው ጥምቀት ነው። ሕዝቡ በወንዙ ውስጥ ቆሟል፤ ከላይ በአማርኛ የሚተርክ ድምፅ አለ፤ ተጠማቂው ግን አንድ ቃል አይናገርም። ምስሉ ለመሐል ሀገር ምእመን ዕልልታ ይሆናል፤ ለገቢ ማሰባሰቢያም ይጠቅማል። ጥምቀቱ በእውነት ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የተጠመቀው ሰው በማግስቱ ምን ይሰማል? በየትኛው ቋንቋ ይማራል? ቱሪስቱ እንኳ ለፎቶው ይከፍላል። እኛ ምስሉን ወስደን ትምህርቱን ካልመለስንለት ከቱሪስቱ በምን ተሻልን? ጣቢያው ስለ ኦሞ ሰው ሲናገር በኖረበት መጠን፣ የኦሞ ሰው በጣቢያው ላይ ይናገር።

እዚህ ላይ የአንድ ጣቢያ ታሪክ ይጠቅመናል። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በሉተራውያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተቋቁሞ በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መረቁት። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል የነበራቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት፤ በብዙ ቋንቋዎችም ይናገር ነበር። ማስታወቂያ የሚሸጥ ጣቢያ አልነበረም። ከሥርጭቱ ስብከት የነበረው 30 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ 70 በመቶው ስለ ጤና፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ትምህርትና ስለ ዜና ነበር። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው፤ ስሙንም ለውጦ የአብዮት ድምፅ አደረገው። ትምህርታቸው የእኛ አይደለም፤ ከአሠራራቸው ግን ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛው፣ ሕንፃና ማሰራጫ በአንድ ቀን ሊወሰድ የሚችል መሆኑ ነው፤ በራሱ ልሳን ማስተማር የቻለ ሰው ግን አይወረስም። ሁለተኛው፣ የሰውን ኑሮ ሳይነኩ ነፍሱን ብቻ መጥራት እንደማይቻል መረዳታቸው ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ቤተ ክርስቲያን በዳሰነችኛ የምታጽናናበት፣ ውኃ እየመጣ ነው ብላ የምታስጠነቅቅበት ድምፅ አልነበራትም። ዛሬ ያ ውኃ ቢመለስ ድምፁ አለን?

«እንግዲያስ ይህን ሁሉ የሚሠራ የኦሞ ቴሌቪዥን እንክፈታ» ትሉኝ ይሆናል። የሳተላይት ኪራይ በየወሩ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ገንዘቡ አንድ ወር ሲጎድል ጣቢያው ይጠፋል። ያንን ለመሸፈን የሚሮጥ ጣቢያ ደግሞ ውሎ አድሮ ማስታወቂያ ወደ መሸጥና ባለጸጋ ወደ ማስደሰት ይሄዳል፤ ወደሸሸነው ገበያም ይመልሰናል። በዚያ ላይ በሐመርና በኛንጋቶም መንደር ዲሽና ኤሌክትሪክ ያለው ቤት ስንት ነው? ከዚህ ይልቅ የጋራ ጣቢያችን በሳምንት አንድ ሰዓት ለአሪኛ ይስጥ። አሪኛ የምለው ተናጋሪው በቍጥር ከሁሉ ስለሚበልጥና አፍ የፈቱበት አገልጋዮች ስላሉን ለመጀመር ስለሚቀል ነው። ማሌኛና ሐመርኛ ይከተላሉ። ይህንንም ደጅ በመጥናት ብቻ አንጠብቅ። ለጣቢያው መባ ስንልክ ጥያቄያችንን በጽሑፍ፣ በአጥቢያ ሰበካ ጉባኤና በሀገረ ስብከቱ በኩል አያይዘን እንላክ። ሰንበት ትምህርት ቤትም ሰበካ ጉባኤም የሚተዳደሩበት ደንብ ስሙ «ቃለ ዐዋዲ» ነው፤ የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። ነጋሪ ደግሞ ሰሚው በሚሰማው ቋንቋ ይናገራል። (በማኅበረ ቅዱሳን የሚታተመው መጽሔት ስሙ «ሐመር» ነው፤ በግእዝ መርከብ ማለት ነው። በሐመር ወረዳ ላሉ ወገኖቻችን ግን ስማቸውን የያዘ መጽሔት አንድ ገጽ እንኳ በቋንቋቸው አልያዘም ብዬ ብቀልድ እንዳትቀየሙኝ።)

የሰዓቱን ይዘት የምናዘጋጀው እኛ ነን። የዕለቱ ወንጌል በአሪኛ ይነበብ፤ ከዚያም የዕለቱ ቅዱስ ታሪክ በአጭሩ ይተረክ፤ ከዚያም አንዲት እናት ስለ ልጅ አስተዳደግ ወይም ስለ ጾም የምትጠይቀው ጥያቄ ይመለስ፤ የእርሻና የጤና ምክርም አይቅር። ጸጥ ያለ ክፍልና ደኅና ስልክ ካለ ድምፁ ይቀረጻል። የሀገረ ስብከቱ ሊቃውንት ሳይመረምሩት ግን አንድ ቃል አይውጣ፤ ስለ ባርጆ የተናገርኩት እዚህ ላይ ይታሰብ። የተመረመረው ወደ አዲስ አበባ ይላክ፤ ቅጂው ደግሞ በሜሞሪ ካርድ ተገልብጦ ዲሽ ወደሌለበት ይሂድ። የቀይ አፈር ሐሙስና የዲመካ ቅዳሜ ከየትኛውም ሳተላይት ይልቅ ሰው የሚሰበሰብባቸው ሥርጭቶች ናቸው።

ወላጆች ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። በቤታችሁ አሪኛ ወይም ማሌኛ የምትናገሩ፣ ልጃችሁ በሰንበት ትምህርት ቤት ግቢ በዚያ ቋንቋ ሲናገር «ዝም በል፣ በአማርኛ አውራ» አትበሉት። ያ ልጅ የአፉን ቋንቋ ከቤተ ክርስቲያን በር ውጪ ትቶ መግባት ካለበት፣ ነገ ሰባኪ ሲሆን ለአያቱ የሚናገርበት አፍ አይኖረውም። ወጣቶችም ጓደኛችሁ በአሪኛ መዝሙር ሲሞክር አትሳቁበት። የሳቃችሁበት ልጅ ከዓመታት በኋላ ይህን ቴሌቪዥን በአያቱ ቤት የሚያናግር ብቸኛው ሰው ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ልሳናት አንዱን አፍ የፈታችሁበት፣ ወይም ከጎረቤት ተምራችሁ የምትናገሩት ወንድሞችና እኅቶች ሁሉ በመጪው እሑድ ከትምህርቱ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ስማችሁንና የምትናገሩትን ቋንቋ አስመዝግቡ። መጀመሪያ የምንተረጉመው ጸሎተ ሃይማኖትን ነው፤ በአሪኛ።